ኮኛክን በወጉ መቅመስ፦ አረቄ ለለመደ አፍንጫ

ባለፈው የገና ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ኤክስ.ኦ. ኮኛክ ይዞ ደብረ ብርሃን ገባ። ጠርሙሱ ከነሳጥኑ ያምራል። ዋጋውን ሲነግረን አጎቴ «በዚህማ ሦስት የመንዝ በግ ይታረድ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው እስካሁን ያንገበግበኛል። የአረቄ መለኪያዎች ተደረደሩ፣ እስከ አፋቸው ተሞሉ፣ «እንኳን አደረሰን» ተባለና ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ አደረገው። ሳል መጣ፣ እንባ መጣ፣ ከዚያ ፍርድ ተሰጠ፦ «ኧረ ከኛው ዳግም አይበልጥም!» ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠርሙሱ አለቀ። በነጋታው ልጆቹ ውኃ ሞልተው ሲጫወቱበት አየሁ።

አንድ ሰው ብቻ አልጨለጠም። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ አረቄ ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ከመለኪያቸው ጥቂት ጠብታ መዳፋቸው ላይ አንጠባጠቡ፣ ሁለቱን እጆቻቸውን አሻሹ፣ ትንሽ ጠበቁና መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዝም አሉ። «ይኼ ዳግም ነው» አሉ በመጨረሻ። «እህሉ ግን አልገባኝም። እንጨት እንጨት ይላል፤ ደግሞ ዘቢብ አለበት።»

በትክክል ነው የነገሩን። ኮኛክ ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ከወይን የተሠራ፣ በእንጨት በርሜል የተኛ መጠጥ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአካባቢዬ ሰው ነው፤ አረቄ የሚያውቅ፣ ቡና የሚያሸት፣ ጠላ ገና ሳይቀምስ ጋኑ በደንብ መታጠን አለመታጠኑን የሚለይ ሰው አፍንጫው ተዘጋጅቶለታል። የጎደለን መቆየት ነው።

መጀመሪያ፦ የያዛችሁት ኮኛክ ነው ወይ?

በየመጠጥ ቤቱ ቡናማ መልክ ያለውን ጠንካራ መጠጥ ሁሉ «ኮኛክ» የማለት ልማድ አለን። ኮኛክ ግን የቦታ ስም ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሻራንት ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በዚህ ስም ሊሸጥ የሚችለው በእሷ ዙሪያ በሕግ በተከለለው አገር ከበቀለ ወይን፣ እዚያው የወጣና እዚያው በርሜል ውስጥ የተኛ መጠጥ ብቻ ነው። ክልሉ የተወሰነው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላ ቦታ ከወይን የሚወጣው ብራንዲ ይባላል። ብራንዲ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን የመንዝ በርኖስ ሌላ አገር ቢሠራ የመንዝ በርኖስ አይባልም።

አሠራሩን አረቄ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። በብቅልና ጌሾ ድፍድፍ ፋንታ ነጭ የወይን ጠጅ አለ። በብዛት ኡኒ ብላን ከሚባል የወይን ዘር የሚጠመቅ ሲሆን ኮምጠጥ ያለ፣ ቀጭን፣ የአልኮል መጠኑ 9 በመቶ ገደማ የሆነና ለብቻው ቢቀርብ ብዙ ሰው የማይወደው ነው። ይህ በመዳብ ጋን ውስጥ ሆኖ ከሥሩ እሳት ይነድበታል። እንፋሎቱ እኛ ዘንድ በመቃ እንደሚያልፈው፣ እዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ አልፎ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ዙር ደፍረስ ያለ፣ 30 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ፈሳሽ ይሰጣል። ያ ተመልሶ ይገባና እንደገና ይወጣል፤ አሁን 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አውጪው በዚህ በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የሚመጣውን ኃይለኛ ፈሳሽና መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ደካማ ለይቶ መሐሉን ብቻ ይይዛል። ፈረንሳዮቹ ይህን መሐሉን «ልብ» ይሉታል። አንድ ሊትር ለማውጣት 9 ሊትር ያህል ወይን ጠጅ ይሄዳል። ሥራው ደግሞ በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር እስከ መጋቢት 22 ማለቅ አለበት፤ ሕግ ነው።

መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። የእኛ አረቄ እንደወጣ ይጠጣል። ኮኛክም ሲወጣ እንደ አረቄ ውኃ የመሰለ ነው፤ ከዚያ ግን ከኦክ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይተኛል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ጋን በወይራ ሲታጠን ጠላው የሚያገኘውን አስቡት፤ የቫኒላና የቀረፋ ዓይነት ሽታ የሚመጣው ከዚህ ከተለበለበ እንጨት ነው። በየዓመቱ ከበርሜሉ 2 በመቶ ገደማ እየተነነ ይጠፋል። ይህን «የመላእክት ድርሻ» ብለው ሰይመውታል። የመጋዘኖቹ ጣሪያና ግድግዳ በዚያ ትነት በሚኖር ሻጋታ ጠቁሮ ይታያል። እትዬ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ አይከድኑትም?» አሉኝ።

ጠርሙሱን አንብቡ

ጽሑፉ ላይ ያሉት ፊደሎች ዕድሜ ይናገራሉ። ቪ.ኤስ. ቢያንስ 2 ዓመት፣ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ቢያንስ 4 ዓመት፣ ናፖሊዮን ቢያንስ 6 ዓመት፣ ኤክስ.ኦ. ቢያንስ 10 ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ ነው። ኤክስ.ኦ. እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ 6 ዓመት ነበር፤ ስለዚህ ሰው ቤት ቁም ሣጥን ላይ ለጌጥ የቆየ አሮጌ ጠርሙስ ካገኛችሁ በድሮው መለኪያ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ፊደሎቹ እንግሊዝኛ የሆኑት ከጥንት ጀምሮ ዋነኛ ገዢዎቹ እንግሊዞች ስለነበሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው መጠጥ ከአንድ በርሜል የተቀዳ አይደለም፤ የብዙ በርሜል፣ የብዙ ዓመት ቅልቅል ነው። የተጻፈው ዕድሜ የትንሹ ነው። ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ውስጥ የ4 ዓመቱ ከ7 እና ከ8 ዓመቱ ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ሌላው ነገር፣ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜው አይቆጠርም። አባታችሁ በደርግ ጊዜ የገዙት ቪ.ኤስ. ዛሬም ቪ.ኤስ. ነው።

«ፊን ሻምፓኝ» የሚል ካያችሁ ግራ አትጋቡ፤ ከሚፈነዳው የሻምፓኝ መጠጥ ጋር ግንኙነት የለውም። ኮኛክ አገር ስድስት የወይን ቀበሌዎች አሉት፤ ግራንድ ሻምፓኝ፣ ፕቲት ሻምፓኝ፣ ቦርደሪ፣ ፋን ቧ፣ ቦን ቧ እና ቧ ኦርዲኔር። ፊን ሻምፓኝ ማለት የመጀመሪያዎቹ የሁለቱ ቅልቅል ሲሆን ቢያንስ ግማሹ ከግራንድ ሻምፓኝ የመጣ ነው። ከቦርደሪ የሚመጣው በአበባ ሽታው ይታወቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ምክሬ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ነው። ቪ.ኤስ. በአፍ ላይ ትንሽ ይጋፋል፤ ኤክስ.ኦ. ደግሞ ያልተለማመደ አፍ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። የትኛው ቤት ይሻላል ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ፤ ማርቴል ከ1715፣ ሬሚ ማርታን ከ1724፣ ሄነሲ ከ1765 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራው ላይ ያሉ ናቸው፤ ሦስቱም ለመማሪያ ይበቃሉ። ከመንገድ ዳር በቅናሽ የቀረበላችሁን ግን ተጠንቀቁ። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ ጽሑፉ ላይ «አፔላሲዮን ኮኛክ ኮንትሮሌ» ወይም በአጭሩ «አፔላሲዮን ኮኛክ» የሚል መኖሩን፣ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ አለማነሱን እዩ። ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥ በአገራችን ሕግ ክልክል ነው፤ ልጅ ልካችሁ አታስገዙ።

ብርጭቆው

የአረቄ መለኪያ ቀጥ ያለና አፉ የተከፈተ ነው፤ ሽታውን አይዝም። ለጭልጥ ነው የተሠራው። ፊልም ላይ የምናየው ሆዱ የሰፋ ትልቅ ክብ ብርጭቆም ለኮኛክ ያን ያህል አይመችም፤ አልኮሉ ተሰብስቦ በአንዴ አፍንጫ ይመታል። ኮኛክ አገር ያሉ ቀማሾች የሚይዙት ሆዱ ትንሽ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ነው፤ ሊከፈት የደረሰ አበባ ይመስላል።

ብርሌ ትዝ አላችሁ? እኔም ሞክሬዋለሁ። ሆዷ ሽታውን በደንብ ትሰበስባለች፣ አንገቷ ግን አፍንጫ አያስገባም፤ መጠጡም ሲቀዳ ከአንገቷ እየዘለለ ይመጣል። ለጠጅ ትቆየን። ከተማ ውስጥ በየሱቁ የሚገኘው ትንሽ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ከሁሉም ይሻላል። ብቻ በሳሙና የታጠበ ከሆነ በሙቅ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ከሆነም እንዲሁ። ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱ። የሆነ ነገር ከሸተታችሁ ኮኛኩም እሱን ይሸታል።

ቦታና ሙቀት

ኮኛክ በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲባል ፈረንሳዮቹ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያለ ክፍል ማለታቸው ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ «የክፍል ሙቀት» የሚባል አንድ ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደርበን ነው የምንቀመጠው። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ዋሻውን ወጥታችሁ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ ያው ጠርሙስ እዚያ ሞቆ አልኮሉ ብቻ ይጮኻል።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ ያላችሁ ብርጭቆውን ከቀዳችሁ በኋላ በሁለት መዳፋችሁ እቀፉት። በመጻሕፍት «ብርጭቆውን በእግሩ ያዙ፣ አታሙቁት» የሚለው ምክር ለእናንተ አይሠራም፤ መጠጡ ከቀዘቀዘ ሽታው ይተኛል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ደግሞ ጠርሙሱን ለሩብ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፤ ብርጭቆውንም በእግሩ ያዙ።

እሳት ግን በፍጹም። አንድ ክረምት ብርዱ ሲጠናብኝ፣ የተቀዳውን ብርጭቆ የቡና ከሰል ምድጃ አፋፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ መጀመሪያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ መጣ፣ ከዚያ ጠሽ አለና ብርጭቆው ከሥሩ ተሰነጠቀ። ጠርሙሱ ውስጥ ከቀረው ግማሹን ያህል በዚያች ቀን አባከንኩት፤ ምክንያቱም አንዱ ሲፈስ ሌላ ቀዳሁ፣ ተናድጄ ደግሞ ጨለጥኩት።

ቡና የሚቆላበትና እጣን የሚጨስበት ሰዓትም አይሆንም። ቡናችንን እንደተወ ሰው አትዩኝ፤ ቡናው ከመቆላቱ በፊት ቅመሱ፣ ወይም ጢሱ ከወጣ በኋላ። ሽቶም አትቀቡ።

መቅዳትና መጠበቅ

2 እስከ 3 ሴንቲ ሊትር ቅዱ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። የቀዳችሁትን ብርጭቆው ሥር ስታዩት ያሳፍራል፤ እንግዳ ፊት ስስታም ያስመስላል። ይሁን። ባለ 70 ሴንቲ ሊትሩ ጠርሙስ በዚህ ልክ ከሃያ ሰው በላይ ያስተናግዳል፤ የኛ ቤት ጠርሙስ ግን ለዘጠኝ ሰው አልበቃም።

ከቀዳችሁ በኋላ አትንኩት። ለቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ለኤክስ.ኦ. እስከ ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ የሚወጣው ኃይለኛው አልኮል ይበተናል። ቡና አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ጀበናው ጋደም ብሎ አተላው እስኪጠል እንደምንጠብቀው ነው፤ ማንም ሰው ያን ጊዜ «ቶሎ በይ» ብሎ ቡና አፍይዋን አያጣድፋትም።

ስትጠብቁ መልኩን እዩ፤ ብዙ ግን አትመኑት። ከገለባ ቢጫ እስከ ደማቅ የመዳብ መልክ ድረስ አለ። ጠቆር ያለው ያረጀ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕጉ ቀለም ለማስተካከል የተቃጠለ ስኳር መጨመር ስለሚፈቅድ ጥቁረት የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ መልሱትና በጎኑ ላይ የሚወርዱትን ጠብታዎች እዩ፤ በዝግታና በወፍራሙ ከወረዱ አፍ ላይ ሞላ ያለ መጠጥ ነው የሚጠብቃችሁ።

ማሽተት

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ኮኛክ ከሚሰጠው ደስታ አብዛኛው በአፍንጫ ነው የሚገባው።

ቡና ሲቆላ ምጣዱ እየዞረ ሲመጣ አፍንጫውን ምጣዱ ውስጥ የሚከት ሰው የለም። በእጁ ጢሱን ወደራሱ ሳብ ሳብ አድርጎ «ዕሰይ» ይላል። ኮኛክንም እንዲሁ ጀምሩ። ብርጭቆውን ሳታወዛውዙ አገጫችሁ ጋ አምጡትና በቀስታ ተንፍሱ። ከዚህ ርቀት የሚመጣው ቀለል ያለው ሽታ ነው፤ አበባ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የበሰለ ኮክ። ምንም ካልመጣ ትንሽ አስጠጉት። አልኮሉ አፍንጫችሁን ቆንጠጥ ካደረገ በጣም ቀርባችኋል፤ መለስ በሉ። ስታሸቱ አፋችሁን በትንሹ ክፈቱት፤ ቃጠሎው በግማሽ ይቀንሳል። ይህን የነገረኝ ሰው ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ዓይኔ እያነባ ነበር የማሸተው።

ከዚያ ብርጭቆውን አንድ ሁለት ጊዜ በቀስታ አሽከርክሩት፤ ጠላ አጣርቶ እንደሚያማስል ሰው አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንደማዞር። አሁን ከባዱ ሽታ ይነሳል። እዚህ ላይ ፈረንሳዮቹ አይሪስ፣ ቫዮሌት እያሉ የሚጽፉትን ለማግኘት አትድከሙ፤ እነሱ የሚያስታውሱት የእናቶቻቸውን ጓሮ ነው። እናንተ የራሳችሁን ጓዳ አስታውሱ። ቀረፋ አለ? ቅርንፉድ? የተቆላ ገብስ? የዘቢብ ጠላ? የማር ሰም? የኬክ ቤት ሽታ ከመሰላችሁ እሱ ቫኒላው ነው። በሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ አካባቢ ያደገ ሰው የደረቀ የትምባሆ ቅጠል በቶሎ ያገኛል። እኔ ኤክስ.ኦ. ውስጥ ሁልጊዜ የማገኘው የአያቴን የእንጨት ሣጥን ነው፤ ልክ ክዳኑ ሲነሳ፣ የጥጥ ልብስና የአሮጌ ቆዳ ሽታ።

ከአሥር ዓመት በላይ በርሜል ውስጥ የቆየ ኮኛክ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይመጣል፤ «ራንሲዮ» ይሉታል። ለውዝ ለውዝ፣ ከዝናብ በኋላ እንደሚወጣ እንጉዳይ፣ ቆየት ያለ ቅቤ። ቅቤ ሲባል አትሳቁ። ሌላው ዓለም ይህን ሽታ ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል፤ እኛ በለጋና በበሰለ ቅቤ መካከል ያለውን ልዩነት በልጅነታችን የጨረስን ሰዎች ነን።

አፍንጫችሁ ከደከመ የጋቢያችሁን ጫፍ ወይም ክንዳችሁን አሽትቱና ተመለሱ። የእትዬም ዘዴ ይሠራል፤ መዳፍ ላይ ጠብታ፣ ማሻሸት፣ መጠበቅ። አልኮሉ ሲሄድ የቀረው ጥርት ብሎ ይሸታል።

አፍ ላይ

የመጀመሪያዋ ፉት ለመቅመስ አይደለችም፤ አፍ ማሟሻ ናት። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ከንፈር የሚያርስ ያህል ብቻ ውሰዱ፣ ምላሳችሁ ላይ አዳርሱ፣ ዋጡ። ትንሽ ያቃጥላል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ።

ሁለተኛዋን ትንሽ ከፍ አድርጓት፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል። አሁን አትዋጡ። ከምላስ ጫፍ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ላንቃ አዙሯት፤ ቆሎ እንደሚያላምጥ ሰው አላምጧት። እስከ አሥር ቁጠሩ። ምራቃችሁ ሲቀላቀልበት ቃጠሎው እየበረደ ሌላው ነገር ይመጣል፤ መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ከዚያ ፍሬ፣ ከዚያ ቅመም፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጌሾ ላንቃን ያዝ የሚያደርግ እንጨት። ይህ ቅደም ተከተል ሁሌ አይጠበቅም፤ ግን ቃናው ከቦታ ቦታ ሲለዋወጥ ካልተሰማችሁ ቸኩላችኋል።

ከዚያ ዋጡና አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላል። ያሸተታችሁት ሁሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመለስ ሌላ መልክ አለው።

አሁን ብርጭቆውን አስቀምጡና ቃናው አፋችሁ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ቪ.ኤስ. ቶሎ ይሄዳል። ጥሩ ኤክስ.ኦ. ወሬ ጀምራችሁ ሌላ ርእስ ላይ ስትደርሱም አለ። ለእኔ አንድ ኮኛክ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የምለየው በዚህች ብቻ ነው፤ መልኩም ሳጥኑም አያታልሉኝም። ከዋጣችሁ በኋላ የሚቀረው ምሬትና ጣፋጭ ስኳር ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁ ለጠርሙሱ ነው የሄደው።

አንድ ቀን ደግሞ ይህን ሞክሩ። ሁለት ብርጭቆ፣ አንዱ ላይ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.፣ ሌላው ላይ ጥሩ አውጪ ያወጣችው ዳግም አረቄ። መጀመሪያ ኮኛኩን፣ ቀጥሎ አረቄውን፣ በዚሁ በዝግታው መንገድ። አረቄው ላይ ጌሾና የተቆላ እህል ስታገኙ ትገረማላችሁ፤ ስንት ዓመት እያለፋችሁት እንደኖራችሁ።

ውኃ፣ በረዶ፣ ምግብ

ሁለት ሦስት ጠብታ ንጹሕ ውኃ ብርጭቆው ውስጥ ብታንጠባጥቡ ኃጢአት አይደለም፤ አንዳንዱ ኮኛክ ላይ የተደበቀውን ሽታ ያወጣዋል። ጎኑ ላይ ደግሞ የመጠጥ ውኃ አስቀምጡ። በረዶና ለስላሳ ለቪ.ኤስ. ብቻ ይሁን። ቪ.ኤስ. በአምቦ ውኃና በአንዲት ቅጥነቷ ወረቀት በመሰለች የሎሚ ልጣጭ ለሸዋ ሮቢት ከሰዓት በኋላ የሚስማማ መጠጥ ነው። ኤክስ.ኦ. ላይ ኮካ የሚያፈስ ሰው ካያችሁ ግን ጠርሙሱን አንሱበት።

የገና ዶሮ ወጥ እንደበላችሁ ኮኛክ አትቅመሱ። በርበሬና ሚጥሚጣ የያዘው ምላስ ምንም አይሰማውም፤ የኛ ቤት ችግር ግማሹ ይኼም ነበር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ደረቅ ዳቦ ቁረሱ፣ ውኃ ጠጡ። አብሮ የሚሄደው ዘቢብ፣ ለውዝ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጥቁር ቸኮሌት ነው። የድፎ ዳቦ ቁራሽ በማር ነክራችሁ ከቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ጋር ብትሞክሩ እኔን ታመሰግኑኛላችሁ።

«በሞቴ» ስለሚባለው

የኮኛክ ዋናው ጠላት ከእኛ ደግነት ነው የሚመጣው። ጋባዡ ብርጭቆ ባዶ ማየት አይችልም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «አንድ ለመንገድ»። ለኮኛክ ስትጋብዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ «ዛሬ የምንቀምሰው ነው፣ አንድ አንድ ብቻ» በሉ። ለታላላቆች በወጉ ቀድማችሁ ቅዱ፤ ጋሼ ካልቀመሱ ሌላው አይጀምርም። ታዲያ ጋሼ ጭልጥ ካደረጉት ሁሉም ይከተላል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ በጆሯቸው ሹክ በሏቸው። እኔ አጎቴን «አንተ ጀምር፣ እኛ እያየንህ እንማራለን» ብዬው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ አንዲት ብርጭቆ ይዞ ሲያሸት አመሸ።

40 በመቶ አልኮል መሆኑን አትርሱ። ጣርማበርን በጉም ለማለፍ መኪና የሚይዝ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ እንደ ሜትሮኒዳዞል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይቅመስ።

የቀረውን ማስቀመጥ

ጠርሙሱን አቁማችሁ አስቀምጡ፤ እንደ ወይን ጠጅ አታጋድሙት፣ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይ የማይመታው፣ ከምድጃ የራቀ ቦታ ይሁን። ከግማሽ በታች ከወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት፤ ውስጡ የገባው አየር ሽታውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ወይም ወደ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ አዛውሩት።

የቀመሳችሁበትን ብርጭቆ ደግሞ ማታውኑ አትጠቡት። የመጨረሻው ቅምሻ ጧት ነው፤ የደረቀውን ባዶ ብርጭቆ ማሽተት። ለፋሲካ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ገዝቼ እትዬን ጠርቻቸው ነበር። በማግሥቱ ሲመጡ ብርጭቆአቸው መስኮቱ ላይ እንዳለ ነበርና አንስተው አሸተቱት። «ዘቢቡ ሄዷል፤ እንጨቱ ብቻ ነው ያለ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ገበያ ወጡ።